የሲሬው ቅዳሜ

ባቻ ነመራ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሻይ ተቀብሎ ስለ ሟቹ ደግነት ማውራት ሲጀምር፣ ኬኔ ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች።

"መርጋ ወንድሜ ነበር" ይላል ባቻ፣ አጠገቡ ለተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች። "አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። ከአንድ ሳህን በልተናል።"

ድምፁ ለስላሳ ነው፤ የት ላይ ዝም ማለት እንዳለበትም ያውቃል። የዕድሩ ሊቀ መንበር ከሆነ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚህ በነቀምቴ የቡርቃ ጃቶ ሰፈር እሱ ያልተናገረበት ቀብር የለም። ነገም፣ በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት የመርጋን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው እሱ ነው። ኬኔን ማንም አልጠየቃትም። ወጉ ነው ተብሎ ታለፈ።

ባሏን የቀበረችው ትናንት ነው። ሴቶቹ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ዙሪያዋን ተቀምጠው፣ መጀመሪያ ስለ መርጋ፣ ቀጥሎ ስለ በሽታው፣ በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘይት ስንት እንደገባና የባጃጅ ሂሳብ ስንት እንደጨመረ ያወራሉ። ኬኔ አትሰማቸውም። የምትሰማው የባቻን ድምፅ ብቻ ነው። ያን ድምፅ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትሰማው ኖራለች።

በዚህ ቃና መጀመሪያ የሰማችው ፍርድ ቤት ውስጥ ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት መርጋና ባቻ የአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ነበሩ፤ መርጋ ጂኦግራፊ፣ ባቻ ሒሳብ። በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መጥቶ ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። ቅዳሜ ተረኛ ጠባቂ ባቻ ነበር፤ ቁልፉም በእሱ እጅ። ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ወደ ፈተና ሲገቡ መልሱን በቃላቸው ይዘውት ተገኙ። ቅዳሜ ዕለት ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ አንድ ፖስታ ወጥቶ ነበር። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ባቻ ግን ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ ቅዳሜን ሙሉ ከትምህርት ቤቱ ግቢ እንዳልወጣ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መርጋ መጥቶ ካርታ ላወጣ ነው ብሎ ቁልፉን እንደተቀበለውና እስኪመሽ እንዳልመለሰለት ተናገረ።

መርጋ የዚያን ቀን ከከተማ ወጥቼ ሲሬ ነበርኩ አለ። ከማን ጋር ሲባል ስም አልጠራም። "አብሮኝ የነበረው ሰው እዚሁ አለ። ራሱ ይናገር" አለና ወደ ባቻ ዞረ። ባቻ ጫማውን ያይ ነበር። ዳኛው ጠበቁ። አዳራሹ ሁሉ ጠበቀ። ኬኔ የአንድ ዓመቷን ሜቲን አዝላ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ባሏ እንዴት እንደጠበቀ አየች። ሰው በእርግጠኝነት እንደሚመጣ የሚያውቀውን አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ነበር የጠበቀው።

ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ከማስተማርም ለዘለዓለም ታገደ።

በሳምንቱ ኬኔ የመርጋን ደብተር በነጠላዋ ስር ይዛ ወህኒ ቤት ሄደች። መርጋ ከልጅነቱ ጀምሮ የዕለት ውሎውን የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ የአየሩን ጠባይ፣ የገበያውን ዋጋ፣ ሬዲዮ ያወራውን፣ ያየውን ጨዋታ። የዚያን ቅዳሜ ገጽ ከፍታ ጣቷን አኖረችበት። ከገጹ ግርጌ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ነገር ነበር፤ ከነፊርማው።

"ይግባኝ እንበልበት" አለችው።

መርጋ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋው። "ተረኛ መሆኑን እያወቅኩ፣ ና እንሂድ ብዬ የጎተትኩት እኔ ነኝ" አላት። "ይህን ካወጣን የሚታሰረው እሱ ነው። ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል።"

"እኔስ?"

"አንቺ ጠንካራ ነሽ።"

ይህን ቃል ኬኔ እድሜ ልኳን ይቅር አላለችውም። ባቻ ራሱ ጸጸቱ ሲያስጨንቀው መጥቶ እንደሚናገር መርጋ እርግጠኛ ነበር። እስከዚያ ድረስ፣ መርጋ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ደብተሩን እንዳታወጣ አስማላት። ማለች።

ባቻ አልመጣም። ርዕሰ መምህር ሆነ፤ ቤት ሠራ፤ ልጆቹን ዩኒቨርሲቲ አስገባ። መርጋ ከእስር ሲወጣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከጃንጥላ ስር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ መሬቱን ለተቀማ ገበሬ፣ ባሏ ለተዋት ሴት፣ ያለ ጥፋቱ ለታሰረ ልጅ አቤቱታ ጻፈ። ለራሱ አንድ መስመር አልጻፈም። አንዳንዴ ቀኑ ከብዶት ሲመለስ ያንን ገጽ አውጥቶ ያነበውና ብቻውን ይስቅ ነበር። "ጥሩ ቀን ነበር እኮ" ይላታል። ኬኔ ያንን ሳቁን ትጠላው ነበር።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ሸዋገነት የሚባሉ አሮጊት ከሲሬ በሚኒባስ መጡ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ ቤተሰብ ናቸው፤ ሲሬ መንገድ ዳር ለብዙ ዓመት ሻይ ቤት ነበራቸው። መርጋ አንድ ጊዜ ስለ ልጃቸው ጡረታ ማመልከቻ ጽፎላቸው ብር አልቀበልም ብሏቸው ነበር፤ ያንን ሲናገሩ አለቀሱ። ከዚያ ወንበር ሲፈለግላቸው በባቻ ፊት አለፉና ቆም አሉ።

"አንተ ያ አስተማሪ አይደለህ እንዴ?" አሉት። "ናይጄሪያ ጎል ያገባች ለት ጠረጴዛዬ ላይ ወጥተህ እግሩን የሰበርከው። ከሟቹ ጋር ነበር የመጣችሁት።"

ባቻ ፈገግ አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። "ከሌላ ሰው ጋር ተምታታሁብዎት እማማ" አላቸው በትሕትና። "እኔ እርስዎ ቤት ገብቼ አላውቅም።"

ሸዋገነት ግራ ገባቸው። ዓይናቸው እንደደከመ፣ እድሜ እንደሆነ አጉረምርመው ይቅርታ ጠየቁትና ሄደው ተቀመጡ።

ኬኔ ይህን ሁሉ ከፍራሹ ላይ ሆና ሰማች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን ከባሏ ጋር ቀብሬዋለሁ ብላ አስባ ነበር። ሰውዬው ሃያ ሰባት ዓመት ፈርቶ ዝም ማለቱን ልትሸከመው ትችል ነበር። አሁን ግን ማንም አላስገደደው፤ የሚታሰርበት ነገር የለም፤ ሚስቱም እርጉዝ አይደለችም። የመርጋ አፈር ገና ሳይደርቅ፣ ለመርጋ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሻዩን እየጠጣ፣ በፈገግታ ደገመው። አሮጊቷንም ይቅርታ አስጠየቃቸው።

ልጇን ሜቲን ጠርታ ወደ ጓዳ ገባች። ሜቲ ጊምቢ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት፤ አባቷ ለምን እንደታሰረ ብታውቅም ስለ ደብተሩ ሰምታ አታውቅም። ኬኔ ከሳጥኑ ሥር አውጥታ ገጹን አሳየቻት። ሜቲ አንብባ ስትጨርስ ደብተሩን ወደ ፖሊስ እንውሰድ አለች። ኬኔ እምቢ አለች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ፖሊስ ምን ያደርግለታል ብላ፣ ስሙን በሰው ፊት እንደወሰደበት በሰው ፊት ይመልሳል አለቻት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ጸሎት ተደረገ፣ መዝሙር ተዘመረ። ባቻ የሕይወት ታሪኩ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ተነሣ። ኬኔም ተነሣች። ሐዘንተኛ ሲቆም ሰው ስለሚደነግጥ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

ባሏ በየቀኑ ውሎውን ይጽፍ እንደነበር ተናገረች። የሕይወት ታሪኩን ከመስማታቸው በፊት ከኖራቸው ቀናት አንዱን እንዲሰሙላት ለመነች። የተናገረችው በኦሮምኛ ነበር፤ ከዚያ ወይዘሮ ሸዋገነት እንዲሰሙ በአማርኛ ደገመችው። ደብተሩን ከፍታ ለባቻ ሰጠችው።

"የእሱን ጽሕፈት ከአንተ የተሻለ የሚያነብ የለም፣ ኦቦ ባቻ።"

ባቻ መነጽሩን አደረገ። "ቅዳሜ ሰኔ ስድስት ቀን ዘጠና" ብሎ ጀመረ። "ጠዋት ዝናብ፣ ከሰዓት ፀሐይ። ነቀምቴ መብራት ጠፍቷል። አውቶቡስ እስከ ሲሬ..."

እዚህ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ ኬኔን አያት። እሷ አልተቀመጠችም።

"እስከ ሲሬ አራት ብር" ብሎ ቀጠለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። "በቆሎ ኩንታሉ ሰባ አምስት ብር። ነጭ ጤፍ ሁለት መቶ ሠላሳ። ዶሮ ዘጠኝ ብር። እንቁላል አራቱ በብር።"

ከኋላ አንድ ሰው ዶሮ ዘጠኝ ብር ብሎ ደገመና ተነፈሰ። ሳቅ የመሰለ ነገር በድንኳኑ ውስጥ አለፈ። ሴቶቹ የጤፉን ዋጋ ተቀባበሉት፤ አንዱ ሽማግሌ በዚያ ዓመት ሁለት በሬ በስንት እንደገዛ ለጎረቤቱ ነገረው። ሰዉ ወደደው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሞት ሲሰማ ስለቆየ፣ ይህችን አንዲት ቀን ጆሮውን ከፍቶ ተቀበላት። ባቻ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል ቀጥል አሉት።

"ሬዲዮ ስለ ሰሜኑ ጦርነት አወራ። ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ሰዎች ነበሩና ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቷ ለሁላችንም በነፃ ሻይ ቀዳችልን። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ኳሱ ተጀመረ። ስፔን ሁለት ለአንድ ስትመራ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ናይጄሪያ አቻ ሆነች። የመጨረሻዋ ከሩቅ ተመትታ ስትገባ..."

ቆመ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

"ይበቃል" አለ። "ሰው ቆሟል፣ አዴ ኬኔ።"

"ጨርሰው።"

"ጽሕፈቱ አይነበብም።"

"ይነበባል። ግርጌው የአንተው ነው" አለች ኬኔ፤ ከዚያም ደብተሩን ሳታይ በቃሏ ጨረሰችው። "የመጨረሻዋ ከሩቅ ተመትታ ስትገባ ባቻ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ የጠረጴዛው እግር ተሰበረ። ከዚህ በታች ባቻ ራሱ ይጽፋል። ናይጄሪያ ሦስት፣ ስፔን ሁለት። መርጋ በስፔን ተወራርዶ ተሸንፏል። በቦታው ነበርኩ፣ ምስክር ነኝ። ባቻ ነመራ።"

የፈተናውን ነገር የማያውቅ ትልቅ ሰው በሰፈሩ የለም፤ ቀኑንም ሁሉም ያውቀዋል፤ የነቀምቴ ልጆች ፈተና የተሰረዘበት ዓመት ነው። ወይዘሮ ሸዋገነት ከተቀመጡበት ሆነው "ዓይኔ ደኅና ነው እንግዲያ" አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው።

"የዚያን ቀን የት ነበርክ?" አለች ኬኔ።

ባቻ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ። አንዳቸውም አላዩትም። ተቀምጦበት ከነበረው ወንበር ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች ሳይታወቃቸው እግራቸውን ሰብስበዋል።

"ሲሬ ነበርኩ" አለ።

"ከማን ጋር?"

"ከመርጋ ጋር።"

"ቁልፉስ?"

"መሳቢያዬ ውስጥ ነበር የተውኩት። መርጋ አልነካውም።" ከዚያ በኦሮምኛ ዲፋማ አላት፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ኬኔ እጇን አልዘረጋችም። ሜቲ እንዳዘዘቻት እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ባቻ ምን እንደተፈለገ ገባውና ደብተሩን ወንበር ላይ አኑሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከድሮ ፊርማው ስር ስሙን፣ የአሁኑን ፊርማና ቀን ጻፈ። ማንም ወንበር አላቀረበለትም። ሲጨርስ ባርኔጣውን አንሥቶ በሰዉ መካከል ወጣ፤ ባጃጅ ሳይጠራ በእግሩ ቁልቁል ሲወርድ ታየ።

የሕይወት ታሪኩን ሜቲ አነበበችው።

ማታ ሳይደርስ ነገሩ ነቀምቴን ዞረ። በማግሥቱ የባቻ ሚስት መጥታ በር ላይ ቆመች፤ ኬኔ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፣ ግቢም አላለቻትም። ዕድሩ ለሊቀ መንበርነት ሌላ ሰው እንደሚመርጥ መልእክት ላከላት። ሽማግሌዎቹ ደብተሩን ለማየት ጠይቀው ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ውሎ ተመለሰ። የገጹ ጥግ ታጥፎ፣ ሻይ ነክቶት ነበር፤ አንድ ሰው ለማስታወሻ ይሁን ለምን ከባቻ ፊርማ ስር በቀይ አስምሮበታል። ማስረጃ መስሏል። መርጋ እያነበበ ይስቅበት የነበረው ቀን አሁን በሰፈሩ ሁሉ አፍ ውስጥ የባቻ ቀን ሆኖ ነበር።

ሜቲ አሁን ትንሽ ቀለለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኬኔ አሰበችበት። የባቻን ጎንበስ ማለት ስታስታውስ ደረቷ ይሞቃል፤ ደግማ ብታገኘው ደግማ ታደርገዋለች። ለልጇም ይህንኑ ነገረቻት። "አባትሽ ግን ቢያይ ዝም ይለኝ ነበር" አለች።

ከሰዓት ወጣቶቹ ድንኳኑን አፍርሰው በጋሪ ወሰዱት። ግቢው ባዶ ሲሆን ደመና መጣ፤ ሜቲ የተረፉትን ወንበሮች ልታስገባ ሮጠች። ያኔ ነው ኬኔ ከቤቱ ጀርባ ገመድ ላይ የመርጋን ነጭ ሸሚዝ ያየችው። ሐሙስ ጠዋት ራሱ አጥቦ ያሰጣው ነበር፤ ለአርብ ሥራ። በለቅሶው ግርግር ማንም አላወረደውም።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ሄዳ አነሣችው። ወደ ቤት አልገባችም፤ ከጣሪያው ክፈፍ ስር ቆመች። ሸሚዙን በሁለት እጇ ፊት ለፊቷ ያዘችና ከታች ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች፤ አንገቱ ላይ ስትደርስም ኮሌታውን በአውራ ጣቷ አስተካከለችው።