ፊቱን ማን አየው?

ወንድሜ ታመነ የሞተው ከሆሳዕና በፊት ነው። እኔ ደግሞ በትንሣኤ ቀን ዶሮ ስበላ ነበር። ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ነገሩን ያቀደው የጸሎት ማኅበራችን ነው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ቶኩማ ኢንጂነር ነው፤ እዚህ ዓረብ አገር፣ ዳማም ውስጥ ከታመነ ጋር አንድ ኩባንያ ይሠሩ ነበር። ታመነ ሥራ ላይ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲወድቅ ከእኛ ሰዎች ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ለእኔ ግን «በረሃ ሳይት ልከውታል፤ ኔትወርክ የለም» አለኝ። ታመነ ከዚህ በፊትም እንዲህ ጠፍቶ ስለሚያውቅ አመንኩ። እኛ ዘንድ መርዶ ሰው እስኪሰበሰብ፣ ቀኑም እስኪመች ይደበቃል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማ ነው። መጀመሪያ የሬሳው ወረቀት እስኪያልቅ ተባለ። ከዚያ ሕማማት ገባ። ከዚያ ደግሞ «በዓሉ ይለፍላት» ተባለ። አገር ቤት ያለው አጎታችን ለሬሳው መላኪያ ውክልና ሲልክ እንኳ ለእናቴም ለእኔም ትንፍሽ አላለም። ደግነታቸው ይቅርብኝ!

እሁድ ጠዋት ሰሜን ኾባር ቶኩማ ቤት ተሰብስበን፣ መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ዘመርን። እየተሳሳምን «ክርስቶስ ተነሥቷል» ተባባልን። የቶኩማ ሚስት አገኘሁሽ ሳህኔ ላይ ወጥ ስታወጣ ጭልፋው ሁለቴ አመለጣት። ጾሙ ጎድቷት ነው ብዬ አዘንኩላት።

«ለታመነም አስቀምጪለት፤ ሲመጣ ይበላል» አልኳት።

ጓዳ ገብታ ቶሎ አልወጣችም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ኾባር አንድ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። ሽኩሪያ የምትባል እንግዳ ተቀባይ አለችን፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች። ባሏ ረሻድ የእነታመነ ኩባንያ ሾፌር ነው። ልብስ ስቀይር ገባችና ጥምጥም አለችብኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጽጌዬ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። ዛሬ እንኳ ሥራው ምነው ቢቀርብሽ? ከመግሪብ ሶላት በኋላ አይደል እንዴ ወደ ኤርፖርት የሚወስዱት?»

«ማንን?»

ፊቷ አመድ መሰለ። እነሱ ዘንድ ሞት አይደበቅም፤ ወዲያው ይነገራል፣ ቶሎም ይቀበራል። እኅት ወንድሟ ሬሳ ቤት ተኝቶ ዓመት በዓል ታከብራለች ብላ በምን ታስበው?

«ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነው» አለችና እሷው ማልቀስ ጀመረች።

እኔ አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ያዘኝ፤ ሳጥኑ ሳይታሸግ ፊቱን ማየት። ነርስ ሆኜ የስንቱን ሰው ወንድም ዓይን በእጄ ከድኛለሁ! የራሴን ወንድም ሳላየው እንዴት ይሄዳል?

ረሻድ መኪናውን አምጥቶ ሦስታችንም ወደ ዳማም፣ ወደ ሬሳ ቤቱ በረርን። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ቶኩማ ጋ ደወልኩ።

«ጽጌ» አለኝ በለሆሳስ፤ «በትንሣኤ ቀን እንዴት እናርዳሽ? እኛ እኮ ተስፋ አለን። ታመነ ይነሣል።»

«ይነሣል ብለህ ካመንክ መሞቱን ለመናገር ለምን ፈራህ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ስልኩን ዘጋሁበት።

ስንደርስ ቶኩማና አገኘሁሽ ሬሳውን ለመሸኘት ቀድመውን ቆመዋል። ሳጥኑ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ቆርቆሮው ተበይዷል፣ ማኅተም ተለጥፎበታል። የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ ጀሊል የሚባል ህንዳዊ ነው። እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ሲስተር፣ ኸላስ፣ አለቀ» አለኝ እየደነገጠ። «ከታሸገ በኋላ መክፈት ማፊ፣ የለም። እኔን ያስሩኛል።»

«ፊቱን ብቻ! በአላህ ይዤሃለሁ፣ ፊቱን ብቻ!»

ጀሊል አለቃው ጋ ደወለ፤ ደጋግሞ ለመነልኝ። በመጨረሻ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ራሱን ነቀነቀ። ቶኩማ ትከሻዬን ይዞ ሊያነሣኝ ሞከረ።

«ሥጋው እኮ ነው ጽጌ። በመጨረሻው ቀን በክብር ታዪዋለሽ።»

«የመጨረሻውን ቀን ተወው! የዛሬውን ነው የቀማኸኝ!» ጮህኩበት። «ለመሆኑ ከእናንተ ፊቱን ያየው አለ?»

ተያዩ። የኩባንያው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው አይቶ የፈረመው። ከእኛ ሰው አንድም አላየውም።

ስልኬ የጮኸው ይሄኔ ነው። እናቴ ነበረች፣ ከወልድያ።

«ጽጌ፣ እንኳን አደረሰሽ! ይሄ ልጅ ምን ነካው? በበዓል እንኳ አይደውልም?»

አገኘሁሽ እንዳልናገር በሁለት እጇ ለመነችኝ። ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ሊያረዷት ተዘጋጅተዋል። እኔ ግን ውሸት አንገፍግፎኝ ነበር።

«እማዬ፣ ታመነ ሞቷል። ነገ ጠዋት ሬሳው አገር ይገባል።»

ጩኸቷን ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ከወዲያ የጎረቤት ልጆች ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

«ማን አለሽ?»

«ሳጥኑ አጠገብ ቆሜያለሁ እማዬ።»

«ፊቱን አይተሻል?»

አይቻለሁ ብላት ቁርጧን ታውቅ ነበር። ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

«አላየሁትም። ታሽጎ ደረስኩ።»

«ሌላስ ያየው አለ?»

«ከእኛ ሰው ማንም አላየውም።»

በረጅሙ ተነፈሰች።

«እንግዲያው ልጄ አልሞተም» አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ ነበር፣ የምር ደስታ። «ሳጥን አይታችሁ ነው እንዲህ የደነገጣችሁት? በዛሬ ቀን? በይ፣ ሲመጣ ይደውልልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

«ምን አለች?» አለ ቶኩማ።

«አልሞተም አለች። በል ደውልና አስረዳት።» ስልኬን ዘረጋሁለት። ወደ ኋላው አፈገፈገ እንጂ አልተቀበለኝም።

ጀሊልና ረሻድ ሳጥኑን እየገፉ መኪናው ላይ ጫኑት። እኔ ነርስ ነኝ፤ የቆመ ልብ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረኝም። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ግን ነጠላ ጫማዬን ጥዬ ተከትዬው ሮጥኩ። ሽኩሪያ ከኋላ ትጠራኛለች፤ እኔ ደግሞ «ታመነ! ታመነ!» እላለሁ። ለቅሶ እንዳይመስላችሁ። «አቤት» እንዲለኝ ነበር የምጠራው።