ከገበያ እስከ ገበያ የሚቆይ ባትሪ

ሰቆጣ ውስጥ ደግሰውን በአባቱ ስም የሚጠራው አልነበረም፤ ደግሰው ኖኪያ ነበር። ሞባይል ወደ ዋግ በገባ ሰሞን ከእሱ ሌላ ሱቅ፣ ከኖኪያም ሌላ ስልክ የሚያውቅ የለም። ከሰሃላም ይምጣ ከኒሯቅ፣ ገበሬው “አንዴ ከሞላኸው ከገበያ እስከ ገበያ ይቆይሃል” ሲባል ሌላ ነገር አይጠይቅም። መብራት የሌለበት አገር ሰው ስልኩን የሚሞላው ገበያ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ምን ብሎ ይጠይቅ?

በ2001 ግን ከማዶ የቻይና ስልክ የሚሸጥ ሱቅ ተከፈተ። የስልኩ ድምፅ ገበያውን ያናውጣል፣ ዘፈን ይጫንበታል፣ ሲም ደግሞ ሁለት ይወስዳል። አገሩ ያለው ቴሌ አንድ! ሁለተኛው ሲም ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ባይኖርም ሰው ቀዳዳውን ብቻ አይቶ ደስ አለው። ደግሰው አዲስ አበባ ላለው አከፋፋይ እየደወለ “የኛስ?” ይላል። “ሁለት ሲም ያለው ይመጣል እያሉ ነው፤ ትንሽ ታገስ” ይሉታል። ወር በወር ላይ ተደረበ፤ የመጣ የለም። ዓለምን የሞላ ኩባንያ በአንዲት ቀዳዳ ይቀደማል ብሎ ማን ያስባል? የድሮ ደንበኞቹ በደጁ ሲያልፉ ሰላምታ ያሳጥሩ ጀመር። ደግሰው ፈራ። አርባ ዓመት ሞልቶታል፣ ሌላ ሙያ አያውቅም።

በመጨረሻ እጁን ሰጠ። ዐሥር የቻይና ስልክ አስመጥቶ ደረደረ። የመጀመሪያው ገዢ የእህቱ የባንቺ ባል፣ ዋሴ ሆነ።

ባንቺ የምትኖረው ሰሃላ ነው፤ መኪና ከሚደርስበት የአንድ ቀን የእግር መንገድ። የመጀመሪያ ልጇ በሆዷ ውስጥ ተጋድሞ፣ ሁለት ቀን አምጣ ሞቶ ነው የወጣው። አሁን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሰቆጣ መጥታ እንድትቆይ ቢለምኗት “ቀኔ ሳይደርስ ቤቴን ጥዬ አልወጣም” አለች። ስለዚህ ቃል ተገባቡ። ምጡ ሲጀምር ዋሴ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቶ ይደውላል፤ ደግሰው ሰጠኝ የሚባለውን ሾፌር ከነላንድክሩዘሩ ይዞ ከጽጽቃ ከተማም አልፎ መንገዱ እስካለበት ይገባል፤ ከዚያ በእግሩ ደርሶላቸው በቃሬዛ ያወጧታል።

“አሮጌውን ተቀበለኝና ይኼን ስጠኝ” አለ ዋሴ፣ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ እየሳቀ። “ይኼማ ጎረቤቱን ሁሉ ይሰበስብልኛል!”

ባትሪው ሁለት ቀን እንደማይዘልቅ ደግሰው ያውቃል። ነገሩ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን የማዶዎቹ በራቸው ላይ ቆመው እያዩት ነው፤ የመጀመሪያ ገዢውን በገዛ አፉ ሊመልስ? “መልካም ይሁንልህ” ብሎ ጠቀለለለት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ስልኩ አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ዋሴ ነበር። ሚስኮል ነው አለ ደግሰው፤ የአገሩ ሰው ሒሳብ እንዳይቆጥርበት አንዴ አስጮኾ መዝጋት ልማዱ ነው። መልሶ ደወለ። “የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም” አለች ሴትዮዋ። ከጉብታው ወርዶ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና። ማታም ደወለ፣ ሐሙስ ጠዋትም ደወለ፤ ያችው ሴትዮ ናት። ወሯ ገና ነው፣ ለሰላምታ ነው እያለ ሱቁ ውስጥ ይንጎራደዳል። ለካ እየሸሸ ያለው ከአንድ ሐሳብ ነው፤ የዋሴ ጥሪ ሚስኮል ካልሆነ ባትሪው ሞቶበታል ማለት ነው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሱቁን እንኳ በወጉ ሳይዘጋ ወደ ሰጠኝ ቤት ሮጠ።

መኪናው ከጽጽቃ አልፎ መንገዱ ያለቀበት ላይ ሲቆም መሽቶ ነበር። ሰጠኝ እዚያው ቀረ። ደግሰው ጎህ ሲቀድ በእግሩ ተነሣ። ፀሐይዋ ስትበረታ ከፊቱ ካለው ተረተር ላይ ሰዎች ብቅ አሉ፤ ቃሬዛ ተሸክመዋል። የተሸከሟት ሴት እስከ ፊቷ ድረስ በነጠላ ተሸፍናለች። ደግሰው ባለበት ቆመ። ሰዎቹ እስኪደርሱበት ድረስ አንድ ርምጃ አልሄደም።

“ፊቷን . . . ለምን ሸፈናችኋት?” አለ በስንት ትግል።

“ለፀሐዩ ነው” አለ አንደኛው ተሸካሚ።

ከነጠላው ሥር ባንቺ አቃሰተች። ደግሰው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ከፊት የተሸከመው ዋሴ ነበር። ዓይኑ ደም መስሏል። “አንዴ ጠርቶ ጠፋብኝ” አለ። “ስሜን ካየ ይገባዋል፣ ይመጣል ብለን ሁለት ቀን ጠበቅንህ። ትናንት አመሻሽ ላይ ተስፋ ቆርጠን ተነሣን። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለጎረቤት ዘፈን ሳሰማበት ጨረስኩት።”

ደግሰው ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሁሉም ዋሴን አምነውታል፤ ዋሴም ራሱን አምኗል። ደግሰው ተነሥቶ ከኋላ የተሸከመውን ሽማግሌ ተካና ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ።

“እንደማይቆይ አውቅ ነበር” አለ። “ስትገዛም አውቅ ነበር። ገበያው እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።”

ዋሴ ዞር አላለም። ርምጃው አንዴ ተደናቀፈ፣ ከዚያ እንደገና ቀጠለ። ተሸካሚው ጥቂት ነው፣ ቁልቁለቱ ገና ብዙ ነው፣ ለጠብ የሚሆን ጊዜ አልነበረም።

ባንቺ ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች። ከንፈሯ ደርቋል።

“ወንድምዓለም” አለች በቀስታ፣ “ልጁ ከሌሊት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ፍጠኑ።”

ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እንደያዙ ቁልቁለቱን ወደ መኪናው መሮጥ ጀመሩ።