የጉድጓዱ ባለቤት

ሰው ኮከብ ያገኛል፣ ፕላኔት ያገኛል፤ የሥነ ፈለክ ተማሪዋ ያገኘችው ግን ጉድጓድ ነበር። እሱንም ግራፍ ላይ።

በከዋክብት መካከል የተበተነ የካርቦን ጋዝ የሚሰጠው ብርሃን ኢንፍራሬድ ነው፤ በዓይን አይታይም። ቴሌስኮፕ ላይ የተገጠመ መሣሪያ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ ሲዘረዝረው ግን የካርቦኑ ድርሻ ግራፉ ላይ እንደ ጉብታ ብቅ ይላል። የእሷ ጉብታ አናቱ ላይ ሰርጉዷል። አፍጥጣበት ከሰነበተች በኋላ፣ ከካርቦኑ ደመና ፊት ለፊት ቀዝቃዛ ጋዝ ቆሞ ብርሃኑን እየዋጠው ነው ብላ ደመደመች። እዚያ ቦታ እንዲህ ያለ ጋዝ ያየ ሰው አልነበረም። አማካሪዋ ፕሮፌሰሯ ደስ ብሏቸው በጉባኤ ላይ እንድታቀርበው አስመዘገቧት።

ለታላቅ እህቷ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ በሹክሹክታ ነገረቻት። ለእህቷ በሹክሹክታ መንገር በድምፅ ማጉያ ከመናገር የሚለየው ትንሽ ዘግይቶ መድረሱ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ መንገድ ላይ አስቁማ፣ ጉድጓዱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻት። ደህና ነው አለቻት፤ ሌላ ምን ትበል።

ቢሮ የሚጋራት አንጋፋ ተማሪ ነበር፤ ንግግሩን ሁሉ «ይሁን እንጂ» ብሎ ስለሚጀምር ቅጽል ስሙም ይኸው ሆኗል። አንድ ቀን ጠዋት ግራፏን አይቶ፣ «ይሁን እንጂ፣ ባዶሽን ከየት ነው የወሰድሽው?» አላት።

ጥያቄው ተራ ነው። የሰማዩና የቴሌስኮፑ የራሱ ሙቀት የደመናውን ብርሃን ስለሚውጠው፣ ቴሌስኮፑ አንዴ ደመናውን፣ አንዴ አጠገቡ ያለ ባዶ ቦታ ያያል፤ ከዚያ ሁለተኛው ከፊተኛው ይቀነሳል። ባዶ የተባለው ባዶ ካልሆነ፣ የተቀነሰው ትርፍ ጉድጓድ ይቆፍራል። ይህንን እሷው ራሷ ለጀማሪዎች አስተምራለች።

ባዶ ቦታ ነዋ፣ አለችው፤ ፊቷ ግን ጋለ።

ቦታውን የመረጠችው ከተራ ፎቶግራፍ ላይ፣ ከሁሉ የጠቆረውን ጥግ አይታ ነው። ክፍል ውስጥም ስብሰባም ላይ ዕድሜዋን ሙሉ ጨለም ያለ ጥግ ስትፈልግ የኖረች ልጅ፣ ሰማይ ላይም ጥቁር ስታይ ቤቷ የደረሰች መሰላት። አሁን የዚያኑ ቦታ የኢንፍራሬድ ካርታ ከፈተች። ጥቁሩ ባዶ አልነበረም፤ ከኋላው ያሉትን ኮከቦች የጋረደ አቧራ ነበር፤ በኢንፍራሬድ ሲታይ እንደ ፍም ይግላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ካርታው የሚያሳየው አቧራ እንጂ ካርቦን አይደለም፣ ብላ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ሙግቱ መጥፎ አልነበረም፤ መጥፎው፣ የተሟገተችው ስለፈራች መሆኑ ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ፕሮፌሰሯ ከቴሌስኮፑ ጊዜ ትንሽ እንደተረፈ ተናገሩ። ለጉባኤው እንዲያምር ጉድጓዱን ደግመን ብናየውስ፣ አሉ። እሷ እጇን አወጣች። እንዲህ አድርጋ ስለማታውቅ ፕሮፌሰሯ መስኮት ይከፈትልሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

«ባዶዬን እንየው» አለች። «ባዶ አይመስለኝም።»

«ይሁን እንጂ» እንኳ ያን ቀን ንግግሩን «ልክ ናት» ብሎ ጀመረ።

ውጤቱ መጣ። ባዶ ያለችው ቦታ፣ ራቅ ካለ እውነተኛ ባዶ ጋር ሲነጻጸር፣ ልክ በጉድጓዷ መጠን ጉብታ አለው። መልሰው ሲደምሩት ጉድጓዱ ድፍን አለ።

ከጉባኤው ሰርዤሻለሁ የሚለውን ቃል በተስፋ ጠበቀች። ፕሮፌሰሯ ግን ግራፉን ትክ ብለው አዩና፣ «ስንቶቻችን ጥቁሩን ባዶ ብለን እንደወሰድን እግዜር ይወቅ» አሉ። «ርእሱን ቀይሪና ይህንኑ ቆመሽ ንገሪያቸው፣ ልጄ።» ግኝቷን ለመናገር ስትፈራ ለከረመች ልጅ፣ ስህተቷን የምትናገርበት አዳራሽ ተሰጣት።

ለእህቷ ደወለች። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«እና ጉድጓዱ የለም?»

«የለም። ራሴ ነኝ የቆፈርኩት።»

«ታዲያ እኔ ለሰዉ ምን ልበል?»

«እውነቱን ንገሪያቸዋ።»

«አይ፣ እኔ እህቴን አላማም። አንቺው ንገሪያቸው።»

እነግራቸዋለሁ፣ እስቲ መጀመሪያ አንቺ ላይ ልለማመድ፣ አለቻት። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች ብላ ጀመረች።

«አይሰማም» አለች እህቷ። «ጮክ በይ።»