ፀደይ ሲገባ ይመለስ
ባንግ ቾልጉ ሥልጣን የማይወድ ሰው ነበር፤ እሱ እንዳለው ከሆነ። የወረዳችን የጌትቦል ማኅበር የምርጫ ጉባኤ በመጣ ቁጥር ከሊቀመንበሩ ወንበር ይነሳና አንገቱን ደፍቶ፣ «አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴም ዓይኔም ከድቶኛል፤ ለተሻለ ሰው ልልቀቅ» ይላል። ያኔ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ይንጫጫሉ። ያለ እርስዎ ማኅበሩ ምን ይሆናል ይሉታል። እሱ እጁን ያወናጭፋል፣ እነሱ ይለምናሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲለመን «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ጸሐፊው ኦም ጭብጨባ ያስጀምራል፤ ሁላችንም ወደ ዓሣ ሾርባችን እንሄዳለን። በእኛ ወረዳ ሲሰጡት ሦስት ጊዜ ያላንገራገረ ሰው ስግብግብ ይባላል። እኔም የሴቶች ምክትል ሊቀመንበር ስሆን ሦስት ጊዜ አንገራግሬያለሁ።

ጌትቦል የሽማግሌ ጨዋታ ነው። ኳሷን በእንጨት መዶሻ እየመቱ በሦስት የብረት በሮች ማሳለፍ ነው። ላየው የዋህ ይመስላል፤ የዋህስ አይደለም። ኳስህ የሌላውን ቡድን ኳስ ከነካች፣ ሁለቱን ታጠጋጋለህ፤ የራስህን በእግርህ ረግጠህ ስትመታት የዚያኛው ኳስ ተስፈንጥራ ከሜዳ ትወጣለች። ባሌ ዶክማን ከጨዋታው ሁሉ ይችን ምት ነበር የሚወዳት።

የክረምት መጫወቻ አዳራሻችን ሲሠራ አፈሩን በትራክተሩ ያመላለሰው እሱ ነው። ጎኖቹ ብርሃን በሚያሳልፍ ሸራ የተጋረዱ፣ ውስጡ በማሞቂያ የሚሞቅ፣ መሬቱ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ ደህና አዳራሽ ነው። በምረቃው ቀን የወረዳው አስተዳዳሪ መጣ፤ ባንግም የመጀመሪያዋን ኳስ መታ። ኳሷ መስመሩን አልፋ ሄደች። ዳኛው ዶክማን ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ያልፍ ነበር፤ የእኔ ባል ግን እጁን አንስቶ «ወጥታለች» አለ። አስተዳዳሪው ሳቀ። ባንግም ሳቀ፤ የሳቀው ግን ጥርሱ ብቻ ነው።

ብዙም አልቆየ። ዶክማን ነጭ ሽንኩርት ሲተክል ውሎ፣ የረሳትን ባርኔጣ ሊያነሳ በእርሻ ቦቲው ሣሩ ላይ ወጣ። በር ላይ ጫማ መቀየር ደንብ ነው፤ እውነት ነው። ባንግ ራሱ ግን በዚያ በሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማው ሜዳውን ሲያቋርጥ ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በማግስቱ የሥራ አመራሩን ሰብስቦ ዶክማንን እስከ ፀደይ ከአዳራሹ አገደው። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም። ኦም ጠረጴዛውን እያየ «ሊቀመንበሩ ካሉ እንግዲህ» አለ።

በዚያው ወር ሐኪሞቹ የዶክማንን ሳንባ አይተው እኔን ብቻ ወደ ውጭ ጠሩኝ።

እሱ ምንም አልጠየቀኝም። መዶሻውን ይዞ እየሄደ ከአዳራሹ ውጪ፣ ከሸራው አጠገብ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ውስጥ የሚጫወቱትን ያያል። አላስቻለኝም። ራሴ ያደረቅኩትን ዓሣ ይዤ ባንግ ቤት ሄድኩ። «ምነው ተቸገሩ፣ አልቀበልም» አለ። ለመንኩት። አሁንም አልቀበልም አለ፤ ደግሜ ለመንኩት። በሦስተኛው ተቀበለኝ።

«ሊቀመንበር፣ ዶክማን ታሟል። ጨዋታውን አይከልክሉት» አልኩት።

«የሚዮንግ እናት» አለኝ በልጄ ስም ጠርቶ፣ «እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ደንብ ነው። ፀደይ ሲገባ ይመለስ።»

«ፀደይን ላያይ ይችላል።»

«ኧረ ተዉ! እሱ እኮ በሬ ነው፤ እኔንም ይቀብራል» አለና ዓሣውን ለሚስቱ አቀበላት።

ዶክማን የሞተው በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ብርዱ ገደለው አልልም፤ የገደለው ካንሰሩ ነው። ግን የመጨረሻ ወራቱን ራሱ ባቆመው አዳራሽ ደጃፍ እንደ ለማኝ ተቀምጦ አሳለፋቸው። ለቀብሩ ባንግ ከሁሉ የሚበልጠውን የአበባ ጉንጉን ላከ። በጥብጣቡ ላይ «የማኅበሩ ሊቀመንበር ባንግ ቾልጉ» የሚለው ጽሑፍ ከሟቹ ስም ይገዝፍ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ጸሎቱን ተውኩት።

የዚያ ዓመት ጉባኤ የምርጫ ነበር። ምን እንደማደርግ ካወቅኩ ቆይቷል። ሰውየውን በገዛ ቃሉ ነው የምይዘው። የፊት ወንበር ሽማግሌዎች ባንግን ይለምኑታል እንጂ የሚፈሩትስ ሚስቶቻቸውን ነው፤ ስለዚህ ወደ ሚስቶቻቸው ሄድኩ። ቤት ለቤት፣ ሽንኩርት አብሬ እየላጥኩ። መጨረሻ ላይ የዓሣ ቤት ያላት ጓደኛዬ ኩምሱን ዘንድ ደረስኩ።

«እሱ ‹ልልቀቅ› ሲል እኛ ምን እንበል?» አለችኝ።

«ምንም። ዝም።»

«እኔ? ዝም?»

«ጥርስሽን ነክሰሽ ያዢው።»

«የቱን ጥርሴን?» አለችና ባዶ ድዷን አሳየችኝ።

ቡሳን ያሉትን የባንግን ልጆችም ጠራኋቸው። አባታችሁን የምናመሰግንበት ቀን ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ጉባኤው ነጭ ሽንኩርት ተክለን እንደጨረስን ሆነ። ባንግ ተነሳ፤ አንገቱን ደፋ። «አርጅቻለሁ፤ ጉልበቴም ዓይኔም ከድቶኛል፤ ለተሻለ ሰው ልልቀቅ።»

አዳራሹ ጭጭ አለ።

ባንግ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልልቀቅ ነው የምለው» አለ ደግሞ፣ ያልተሰማ መስሎት። ከፊት አንዱ ሽማግሌ አፉን ሊከፍት ሲል የሚስቱ ክርን ጎኑን አገኘው። ያኔ ተነሳሁ።

«ሊቀመንበራችን በየምርጫው ልረፍ ብለው ለምነውናል» አልኩ። «እኛ ግን ለራሳችን ብለን አስቸገርናቸው። የትልቅ ሰው ቃል አለመስማት ነውር ነው። ዛሬስ እንስማቸው።»

ኩምሱን አጨበጨበች፤ ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ባሎቻቸውም ተከተሉ። ስሙን ያስቀረጽኩበትን የምስጋና መስታወት አመጣሁ። ሴት ልጁ አበባውን አቅፋ ወደ መድረኩ ሮጠችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ እማዬ ስንት ዓመት ለመነችህ። ተመስገን፣ አረፍክልን» እያለች ታለቅሳለች። ባንግ ወደ ኦም ዞረ። ኦም ጠረጴዛውን ያይ ነበር።

«አይ፣ መልቀቅ አልፈልግም» ቢል አንድ ሰው አይነካውም ነበር። እንዲያ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ግን በእኛ ወረዳ አልተወለደም። መስታወቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለ። ፊቱ እንደ ቆየ ሩዝ ነጥቶ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ኦም ሦስት ጊዜ አንገራግሮ ሊቀመንበር ሆነ። እኔ የሥነ ሥርዓትና የደንብ ማስከበሩን ኃላፊነት ስጡኝ አልኩ፤ ሰጡኝ። አላንገራገርኩም። ስግብግብ ካሉኝም ይበሉኝ።

የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ ባንግ ሊጫወት መጣ። የለመደው እግር ምን ያውቃል፤ በዚያ በቆዳ ጫማው ቀጥ ብሎ ሣሩ ላይ ወጣ። እኔ በር ላይ ነበርኩ።

«ጫማዎን፣ ጋሼ ባንግ።»

እግሩን አየ፤ እኔን አየ። ገብቶታል።

«ረስቼው ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ደንብ ነው። ፀደይ ሲገባ ይመለሱ።»

ወጣ። ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ዶክማን ይቀመጥባት የነበረችው አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ በሸራው በኩል ያየናል።

«ይብቃው አሁን» አለችኝ ኩምሱን። «ብርዱ ይገድለዋል።»

«እሱ እኮ በሬ ነው፤ እኔንም ይቀብራል» አልኳት።

ቢሞት ደስ ይልሽ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎ። ምን እደብቃለሁ።

አልሞተም። ነጭ ሽንኩርቱ ቁመቱ ጉልበት ሲደርስ፣ የአዳራሹ ሸራ ወደ ላይ በተጠቀለለበት ቀን፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በካልሲው በር ላይ ቆመ።

«ፀደይ ገባ» አለ።

«ገብቷል» አልኩት። የምከለክልበት ደንብ አልነበረኝም። ባሌ ያላገኛትን ፀደይ ይሄ ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ ተቀበላት። ያን ጊዜ የነደድኩትን ያህል በባሌ ቀብር ቀን እንኳ አልነደድኩም።

እሱ በነጭ ኳስ፣ እኔ በቀይ ተሰለፍን። መዶሻዬ የዶክማን ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የባንግ ኳስ ሁለተኛው በር ፊት ቆማ አገኘኋት። መታሁ፤ ኳሴ ነካቻት። ሁለቱን አጠጋግቼ የራሴን ረገጥኩ።

«የሚዮንግ እናት፣ አሸንፋችኋል እኮ» አለ ባንግ። «የእኔን ማስወጣት ምን ያደርጋል?»

«ደንቡ ይፈቅዳል?»

የረገጥኳትን ኳስ አየ። ከዚያ «ይፈቅዳል» አለ።

ባለኝ ኃይል መታሁ። የባንግ ኳስ ሜዳውን ሰንጥቃ፣ ከተጠቀለለው ሸራ ሥር ወጥታ፣ አግዳሚው ሥር ገብታ ቆመች።

«ይሂዱና ያምጧት፣ ጋሼ ባንግ።»

ሄደ። አግዳሚውን ተደግፎ ተንበረከከና እጁን ወደ ሥሩ ሰደደ። ኩምሱን ልትረዳው ፈቀቅ ስትል በዓይኔ መለስኳት። ተራዬ ገና አላለቀም። የሌላውን ኳስ ለነካ ሰው ደንቡ አንድ ምት ይጨምርለታል። ጎንበስ ብዬ ኳሴን መታሁ።