ስድስት ሰዓት የምትቀንሰው ፋንክሽን

4.

ሙሽራው የለም።

5.

ከአራት የጀመርኩት ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት ቁርጥራጮች ስለ እኔ ጉብዝና ስለነበሩ ነው። አጠፋኋቸው። ስትጨርሱ ትስማማላችሁ።

6.

ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ማዘጋጃ ቤት። የጋብቻ ፊርማችን ለሦስት ሰዓት ተቀጥሯል። እኔ አለሁ፣ ምስክሮች አሉ፣ አባቴ አቶ ጌጡም አለ። አባቴ የበሩን ጥበቃ ይዞ ያወራል።

«ይሄን የቀጠሮ ሲስተም የሠራችው ልጄ ናት።»

«ነገሩኝ እኮ አባት» አለ ጥበቃው፤ ለሦስተኛ ጊዜ።

7.

ኮድ ለማታውቁ (አትፍሩ፣ አጭር ነው)፦

ሰርቨሩ፣ ሲስተሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት እሱ ዘንድ 9 ነው። ስለዚህ የቀጠሮው ገጽ በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ አንዲት ትንሽ ረዳት ፋንክሽን፣ ማለትም አጭር የኮድ ቁራጭ፣ ጻፍኩ። ሥራዋ ስድስት መቀነስ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለችው ጊዜያዊ ረዳት እዚያው ገጽ ውስጥ ተጽፋ፣ እዚያው ሠርታ፣ ከገጹ ጋር ማብቃት አለባት። ሌላ ፋይል መኖሯን እንኳ ማወቅ የለበትም።

እኔ ግን የትኛውም ፋይል ሊጠራት በሚችልበት ቦታ ክፍት ተውኳት።

ሰነፍኩ።

8.

ከሥራ ባልደረባዬ ከፍሬዘር ጋር፣ ከሁለት ወር በፊት፦

ፍሬዘር፦ ይቺን ምን ሜዳ ላይ ጣልሻት?
እኔ፦ ጊዜያዊ ናት። ነገ አስገባታለሁ።
ፍሬዘር፦ ሌላ ፋይል ቢጠራትስ?
እኔ፦ ማን ይጠራታል?

(ራሱ ፍሬዘር ጠራት። የስልክ መልእክት የሚልከውን ፋይል ሲጽፍ ክፍት ሆና አገኛት።)

9.

ከያብስራ ጋር፣ ትናንት፦

ያብስራ፦ ነገ ስንት ሰዓት ነው?
እኔ፦ አልነግርህም። መልእክት ይደርስሃል። የእጮኛህን ሥራ እመን እንጂ!
ያብስራ፦ እሺ እመቤቴ።

መልእክቱ የሚሄደው ለአመልካቹ ስልክ ብቻ ነው። አመልካቹ እሱ ነው። እኔ ያየሁት ገጹን ነው፤ ገጹ ደግሞ ልክ ነበር።

10.

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ያብስራ ስልኩን አነሳ። አባቴ ከእጄ ቀማኝና ድምፁን ለሁሉም ከፈተው።

አባቴ፦ የት ነህ? ቀጠሮው ሦስት ሰዓት አልነበረም እንዴ?



ያብስራ፦ ... እንቅልፍ ጣለኝ አባባ። ጥፋቱ የኔ ነው። መጣሁ።

ከኋላው የፀጉር ቤት ማሽን ይጮሃል። ተኝቶ የሚላጭ ሰው አይቼ አላውቅም።

11.

ወዲያው ለእኔ የላከልኝ፦

«መልእክቱ 9 ሰዓት ነው የሚለው፤ ፎቶውን እዪው። አባትሽ ስለ ሲስተምሽ አውርተው አይጠግቡም። ባንቺ ከሚያፍሩ እኔን ይርገሙኝ።»

12.

ገጹ፦ 9 ሲቀነስ 6፣ 3።

ገጹ ይህን 3 ለመልእክቱ ፋይል አቀበለው። የመልእክቱ ፋይል ደግሞ ይቺኑ ፋንክሽን ጠርቶ እንደገና ስድስት ቀነሰ። ከ3 ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጠር፦

9።

ያብስራ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊመጣ ፀጉሩን እየተላጨ ነበር። ሲስተሙን አምኖ።

13.

አባቴ ድሮም አልወደደውም።

«በፊርማው ቀን የሚተኛ ሰው! ልጄን ለሱ አልሰጥም። በቃ፣ እንሂድ።»

አባቴ አንዴ በቃ ካለ፣ በቃ ነው። ምስክሮቹ አንገታቸውን ደፉ። ጥበቃው ሳይቀር ከንፈሩን መጠጠልኝ።

14.

ፈራሁ። ያብስራን እወደዋለሁ። አባቴ በእኔ ሲኮራ ማየትም እወዳለሁ። ዝም ብል ግማሹ ይቀርልኛል።

እናንተ ብትሆኑ?

15.

አባቴ የመኪናውን በር ከፈተ።

«አባዬ፣ ቆይ» አልኩት። «ያብስራ አልተኛም።»

ዞር ብሎ አየኝ። ጥበቃውም፣ ምስክሮቹም።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

16.

«ሰዓቱን ያሳሳተው የኔ ሲስተም ነው አባዬ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት፣ ጥበቃውም እየሰማ።