ትርፍ የወጡት ስድስት ፓምፖች

የንብረት ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሰው አላምንም። በ1990 ዓ.ም. ለቡ ያለው ፋብሪካችን የማሽኖቹን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር አስገባ። ባለሙያዋ ሚካል የመጋዘኑንና የጥገና ክፍሉን ዝርዝር ከየዲስኬታቸው ገልብጣ ከመዝገቡ ጋር ስታገናኘው፣ ስድስት የነበረው የውሃ ፓምፕ አሥራ ሁለት ሆነ። ሁሉም በመጋዘን ሠራተኛው በጸጋአብ ስም ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ግን ስድስት ብቻ።

"ድሮም ጠርጥሬው ነበር!" አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ሲወጣ ቦርሳውን በር ላይ አስፈተሽኩት። ምንም አልተገኘም፤ ይህም ይብስ እንድጠረጥረው አደረገኝ። በመጨረሻ ሚካል ባለችበት ቢሮ አስጠራሁትና በእጄ የጻፍኩትን የክስ ደብዳቤ ወረወርኩለት።

"ስድስቱን ፓምፕ የት አደረስካቸው?"

ደብዳቤውን ቀስ ብሎ አነበበ፤ የኮምፒዩተሩንም ዝርዝር አየ።

"ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ እኔ በጸሎቱ ጸ ነኝ፤ መጋዘኑም እንደዚያ ጽፎኛል። ጥገና ክፍል ግን በፀሐዩ ፀ ጽፎኛል። ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው መስለነው ፓምፑን ሁለቴ ቆጥሮታል።"

ሚካል አንገቷን ደፋች። "እውነቱን ነው" አለች።

ጸጋአብ ደብዳቤውን መለሰልኝ። እኔም የከሰስኩት በፀሐዩ ፀ ነበር።

"ሰውዬውን ሲያገኙት ይስጡልኝ" አለና፣ ሳልጠይቀው ቦርሳውን ከፍቶ አሳይቶኝ ወጣ።