ጆሮ ያላቸው ሴሎች

«እንግዲህ አንቺው ንገሪኝ፤ ወንድሜ ፀሐይዋን የሚሞቀው ጠዋት ነው ቀትር ላይ?» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

ሰልስት ነው። ወይዘሮ ውዴ የሟቹ የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ለቅሶ ሊደርሱ ከዝቋላ ወረዳ በእግራቸው መጥተዋል። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የሪፈር ወረቀት ፈትተው ለሟቹ ልጅ ለሰገነት ዘረጉላት። መሪጌታን የገደለው የደም ካንሰር ታናሽ ወንድማቸውንም ይዞት፣ ጎንደር ሂድ ተብሏል።

የሰገነት እናት የሻሽወርቅ ከፍራሹ ቀና አለች። «ጠይቂያት፤ የተማረችበት ነው። አባቷን በፀሐይ ሦስት ወር ያቆየችው እሷ ናት።»

ሰገነት ከፊቷ ያለው ንፍሮ ላይ አቀረቀረች።

«እኛንማ ‹ጆሮ የላችሁም› እያሉ በአለንጋ ይገርፉን ነበር» አሉ የመሪጌታ የድሮ ተማሪ ቄስ ገብረ ሊባኖስ። «በስተርጅና ለበሽታው ጆሮ ሰጡት!»

ድንኳኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

ጆሮውን የሰጠችው ሰገነት ነበረች። አባቷ ከመጀመሪያው ዙር መድኃኒት በኋላ ጠጉራቸው ረግፎ ከጎንደር የተመለሱ ሰሞን፣ በሽታው ምን እንደሆነ ጠየቋት። አራት ዓመት ባዮሎጂ ስትማር አንድም ቀን ምን ተማርሽ ብለዋት አያውቁም። ሳይበስሉ የሚባዙ የደም ሴሎች መሆናቸውን ነገረቻቸው።

«ድጓ ሳይዘልቁ ቅኔ ማሕሌቱን ያጣበቡ ተማሪዎች ናቸው በይኛ!»

«እንደዚያ ነው። ግን ቫይታሚን ዲን የሚቀበሉበት ነገር አላቸው፣ እንደ ጆሮ። ሲደርሳቸው መባዛቱን ትተው የሚበስሉ አሉ።»

«ከየት ይመጣል እሱ?»

«ከፀሐይም ይገኛል።»

«ጆሮ ካላቸውማ ይማራሉ» አሉ መሪጌታ።

ለሁለተኛው ዙር አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ሥር አጎዛ አስነጥፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሰገነትም ፀሐይዋን እየተከተለች አጎዛውን ትጎትታለች። ያነበበችው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ሳህን ላይ ስለተደረገ ሙከራ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ታሞ በፀሐይ የዳነ ሰው እንዳላነበበችም ታውቅ ነበር። ልትነግራቸው ስትቀርብ «መምህሬ መጣች» ይሏታል። ያን መጠሪያ ማጣት ከበዳት።

«ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

ሰገነት ቀና አለች። «እትዬ ውዴ፣ ፀሐይ አያድነውም። ሳይውሉ ሳያድሩ ጎንደር ይውሰዱት።» ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም፤ ደገመችው። «አባዬንም አላቆየኋቸውም። መመለስ ነበረባቸው። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ቄሱ መቋሚያቸውን አገላበጡ። ወይዘሮ ውዴ ወረቀቱን መልሰው ቋጠሩት፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁት።



«አጎዛውን አስገቢው» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል። መሪጌታ ካረፉ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ከልክላ ነበር።

ሰገነት ወጣች። ፀሐይዋ ከአጎዛው ላይ አልፋለች። እጇ እንደለመደው ወደ ብርሃኑ ይጎትተው ጀመረና ቆመ። ጠጉሩ ገና ለብ እንዳለ ነው። ሙቀቱ እንዳይወጣ፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችው።